በቀይ የታጠረው ስናር

መቀመጥ አልችልም። ፈተና ላይ በወንበሮቹ መሀል ስመላለስ የጫማዬ ድምፅ ሐሳባቸውን እንደሚበትነው አንዱ ተማሪ ደፍሮ ነግሮኛል። በተግባራዊ ሜካኒክስና ሮቦቲክስ ኢንስቲትዩታችን አስተምራለሁ፤ ስብሰባም ላይ ቆሜ ነው የምሰማው።

ያን ሐምሌ ደግሞ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። የማማክራት የማስተርስ ተማሪ ከገብስ ማሳ አረም የሚነቅል ባለ አራት ጎማ ሮቦት ሠርታ ጨርሳለች። ሮቦቱ ቡቃያውን በካሜራ እያየ፣ አረም ነው ያለውን በብረት ጣቱ ቆንጥጦ ይነቅላል። በግቢያችን መደብ ላይ ሠርቷል። የቀረው እውነተኛ ማሳ ላይ መሞከር ነው፤ ያለዚያ በሳምንቱ ፈታኞች ፊት ስትቀርብ የምታሳየው የረባ ነገር የላትም። ዓለም ከተማ በምትባለው የወረዳ ከተማ የሚነግድ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ሱቁን ብቻውን ይዞ የእሷን መመረቅ ይጠብቃል። «መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ አጠገብ የአባቴ ማሳ አለ፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳትና የኢንስቲትዩቱን መኪና ለሁለት ቀን አስፈቀድኩ።

አንዱን ቀን ጭቃው በላው። መኪናው በተቀረቀረ ቁጥር እኛው እየገፋን አመሸን። በማግስቱ ጭጋጉ ሳይገለጥ ሮቦቱን ማሳው ዳር አውርጄ ባትሪውን ሳገጣጥም አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱብኝ። ቄስ ናቸው።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ልሞክረው ነዋ፣ አባዬ።»

«ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ!»

የቄስ ልጅ ሆኜ ቀኑን ረሳሁት! በሚካኤል ቀን በዚያ ደብር ማንም ማሳ አይነካም። አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው የሚወርደው በሁሉም አዝመራ ላይ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል።

«ማሽን እኮ ነው። ማሽን በዓል የለበትም» አልኩ።

«አዝራሩን የሚጫነው ማን ነው?»

አላመንኩም። ሌላ መላ ፈለግሁ። ተማሪዬን ወደ ጎን ጠርቼ «አንቺ ሙስሊም ነሽ፤ ሚካኤል አይመለከትሽም። አንቺ ተጫኚው» አልኳት። ይህን ማለቴን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«መምህር፣ እኔ ዛሬ መኪናው ሲመለስ አብሬ እሄዳለሁ» አለች። «በረዶ ቢጥል ሰው የሚያየው አባትዎን ነው። አልጫነውም።»

መመረቋ በዚያ አዝራር ላይ ተንጠልጥሎ ነው እንዲህ ያለችው። እኔ ግን ከማድነቅ ይልቅ ተናደድኩባት። ከአጥሩ እስከ ማሳው፣ ከማሳው እስከ አጥሩ ተመላለስኩ። ሰዓቴን አያለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ ደግሞ ሰዓቴን። እናቴ ትኩስ ዳቦ ይዛ ስትመጣ እንኳ ቆሜ ነው የተቀበልኳት።

አባቴ በበኩላቸው ሮቦቱን ሲዞሩት ቆይተው ተማሪዬ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ለመሆኑ ይሄ ነገር አረሙን በምን ያውቀዋል?» ብለው ጠየቋት።

ላፕቶፗን ከፍታ ሮቦቱ የተማረባቸውን ምስሎች አሳየቻቸው። ገብሱ በአረንጓዴ ሳጥን ታጥሯል፣ አረሙ በቀይ። አባቴ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ኋላም ጣታቸውን አንዱ ቀይ ሳጥን ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምን አጠፋ?»

«ስናር ነው፣ አባባ። አረም ተብሎ ነው የተለየው።»

«ማን ለየው?»

ቀና ብላ አየችኝ። የለየሁት እኔ ነበርኩ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ገብስ አውቃለሁ ብዬ፣ ቶሎ እንዲያልቅ እየተጣደፍኩ ምስሎቹን ሁሉ ያጠርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ። «የያዝከውስ ምንድን ነው?»

ዳቦ ነበር፣ የገብስና የስናር ዳቦ። በቤታችን ስናር አይዘራም፤ ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል። ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት ያበላን እሱ ነው። በየክረምቱ ለአረም ስንወጣ «ሙጃውን ንቀል፣ ስናሩን ተው» ይሉኝ ነበር አባቴ። እኔ ግን ቶሎ ጨርሼ ለመሄድ ሁለቱንም እነቅልና ይቆጡኝ ነበር።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አባቴ። «ያኔስ አንተ ነበርክ፤ ሲደክምህ ትተወው ነበር። አሁን ደግሞ የማይደክም አመጣህብኝ!»

ተማሪዬ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እኔ አልሳቅኩም። አዝራሩ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ የወላጆቼ እንጀራ እኩሌታ በዚያች ጠዋት ተነቅሎ መስመር ላይ ይሰጣ ነበር። አፈርኩ። ማፈሬ ግን አላስተማረኝም፤ ወዲያው ሌላ ችኮላ ያዘኝ።

«በቃ፣ የግቢውን ውጤት ይዘሽ ትቀርቢያለሽ» አልኳት። «ስለ ስናር የሚጠይቅሽ ፈታኝ የለም።»

«እኔ አውቄያለሁ እኮ፣ መምህር» አለች። «ምስሎቹን እንደገና እለያለሁ። በሚቀጥለው መንፈቅ እቀርባለሁ። ለአባቴም እኔው እነግረዋለሁ።» ይህን ብላ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አባባ፣ በበዓል ምስል ማየት ይቻላል?»

«ማየት ምን ችግር አለው?»

እናም ጀመሩ። አንድ ምስል ትከፍታለች፣ አባቴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ይሄ ይነቀል፣ ይሄ ይቆይ» ይላሉ፣ እሷ ቀዩን እያጠፋች አረንጓዴ ታደርጋለች። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የራሴ ስሕተት አንድ በአንድ ሲታረም አየሁ። ማለቂያ አልነበረውም።

«ፈታኞቹ መጀመሪያ ማን ለይቶት ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?» አለች፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳታነሣ።

«ስሜን ንገሪያቸው» አልኳት። ዳቦው ገና በእጄ ነበር፤ ተቀምጬ ጨረስኩት።