የሙጫ ኳስና የጭቃ ኤላ

ቅናተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብናገር ይሻላል። ለታላቅ እህቴ አዲስ ጫማ ሲገዛላት እኔን ትኩሳት ይይዘኝ እንደነበር እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራ ነበር፤ ሐሰት አይደለም። ግን በዕድሜዬ ስምንተኛ ክፍል አብራኝ እንደተማረችው ልጅ ያንገበገበኝ ሰው የለም። ያውም በጫማ አይደለም፣ በአቶም ነው።

ያደግሁት ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ነው። አባቴ ከደጋ ተቀይሮ የመጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። እኔ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል እየተናገርኩ አደግሁ። እሷ የአገሬው ልጅ ናት፤ አባቷ ከብት አርቢ ነበሩ። ከተማ ያለች አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች፣ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ከብቶቹ ትመለሳለች። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ከሴቶቹ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ስለነበርን አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጡን።

አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ ትጽፋለችም። ቆማ ስትናገር ግን አፏ ይተሳሰርና ሳታስበው ወደ ኦሮምኛ ትገባለች። ያኔ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እሷ ለእኔ ትናገራለች፣ እኔ ለመምህሩ እናገራለሁ፣ መምህሩ "ጎበዝ!" ሲሉ የሚያዩት ግን እሷን ነው። ልፋቱ የእኔ፣ ምስጋናው የእሷ። 

የዚያን ዓመት የሳይንስ መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩ ቀጭን ወጣት ነበሩ። ሙቀቱ ያሰቃያቸዋል፣ ግን ማስተማር ሲጀምሩ ላባቸውን መጥረግ ይረሳሉ። መጽሐፉ ስለ አቶም ከሚለው ሁለት ገጽ አልፈው ወደ መሃሉ፣ ወደ ኒውክለሱ አስገቡን። "ኒውክለስን በዓይኑ ያየ ሰው የለም" አሉን። "ስለዚህ የሚያውቀውን ነገር ይዞ፣ እንዲህ ቢሆንስ እያለ ይገምታል። ሞዴል ማለት ይኸው ነው።"

ሁለት ሞዴል አስተማሩን። የመጀመሪያው ኒውክለሱን እንደ ውሃ ጠብታ ያየዋል። ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ ከአጠገባቸው ካለው ጋር ብቻ ይያያዛሉ፤ ዳር ላይ ያሉት ጎረቤታቸው ስለሚያንስ ላላ ይላሉ። ፕሮቶኖቹ ደግሞ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጠብታው በጣም ከተለቀ ይለጠጣል፣ ወገብ ያወጣል፣ ለሁለት ይከፈላል። ይህ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሁለተኛው ግን ቅንጣቶቹ በደረጃ በደረጃ ይቀመጣሉ ይላል። ሁለት፣ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ሲሆኑ ኒውክለሱ ለየት ብሎ ይጸናል፤ ጠብታው ለዚህ መልስ የለውም። ይህኛው አልገባኝም።

እሷ ግን ደብተሯ ላይ ስትጭር ቆይታ እጇን አወጣች። በእኔ አፍ እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ የታችኛው ደረጃ ሁለት ይይዛል፣ ቀጣዩ ስድስት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፤ ድምሩ ሃያ። ጭማሪው አራት፣ ስድስት እያለ ነው፤ በዚህ አያያዝ አራተኛው በስምንት ጨምሮ ሃያ መያዝ አለበት፣ ድምሩም አርባ ይሆናል። ታዲያ ሃያ ስምንት ከየት መጣ?

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። "እኔም አላውቅም" አሉ። "ዩኒቨርሲቲም ገና አልደረስንበትም።" አስተማሪ አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያስባለችውም እሷ ናት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከስምንተኛ በላይ ለመማር ያኔ ከነገሌ መውጣት ግድ ነበር። መምህሩ ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የትምህርት ኢንስፔክተር እንደሚመጡ፣ የተሻለ ሞዴል ለሠራ ተማሪም አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ እንደሚሰጡ ነገሩን። አንድ ብቻ። እኔ ከቀረሁ የሚጠብቀኝ አባቴ የመረጠልኝ ጢማም አሥር አለቃ ነበር። እሷ ከቀረች የሚጠብቋት ከብቶቹ ናቸው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፤ አንድ ቀንም አንስተነው አናውቅም።

እኔ ጠብታውን ሠራሁ። ከግራር ላይ ሙጫ ለቅሜ አለሰለስኩና ሽምብራውን ፕሮቶን፣ በቆሎውን ኒውትሮን አድርጌ ትልቅ ኳስ ጠፈጠፍኩ። ያምር ነበር። የእሷን እስካይ ድረስ።

እሷ በጭቃ ኤላ ሠራች። ኤላ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሰዎች ከግርጌው እስከ አፉ በደረጃ በደረጃ ይቆሙና ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃውን ለከብቶቹ ያወጣሉ። እሷ ሁለት ኤላ ጎን ለጎን ቆፍራለች፣ አንዱ ለፕሮቶን፣ አንዱ ለኒውትሮን። በየደረጃው በስንጥር ጫፍ የመቆሚያ ቦታ ወግታለች፤ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት። አራተኛው ላይ ስምንት ብቻ። "ይሄን ሳላምንበት ነው የወጋሁት" አለችኝ፣ እየሳቀች።

ከዚያ አስረዳችኝ። ደረጃው ሲሞላ የቆሙት ተደጋግፈው ይጸናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ባዶ ደረጃ ላይ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ እሱን ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። ሁለቱ፣ ስምንቱ፣ ሃያው የሚጸኑት ለዚህ ነው። ሳምንት ሙሉ ያልገባኝ ነገር በጭቃ ገባኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ደም ለበሰ።

ኢንስፔክተሩ የመጡ ዕለት መምህሩ በወባ ተይዘው ክሊኒክ ተኝተው ነበር፤ ኢንስፔክተሩም ዴስክ በዴስክ ለብቻ እያስገቡ ጠየቁን። ሰዓቱ ቀትር ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ይግላል። ኳሴን የሸፈንኩበትን ጨርቅ ስገልጥ ሙጫው ቀልጦ፣ ኳሱ ተለጥጦ፣ ወገቡ ቀጥኖ እንደ ቅል ሆኖ አገኘሁት። እንባዬ መጣ። ግን ምላሴ ቀደመኝ። "ጠብታው ሲተልቅ እንዲህ ወገብ ያወጣል ጌታዬ" አልኩ፤ "ከዚያ ለሁለት ይከፈላል።" በዚያው ቅጽበት ኳሱ ከወገቡ ተበጠሰ። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ይህ መልስ የእኔ ነው፤ ማንም አልሰጠኝም።

ከዚያ ወደ ኤላው ዞሩና "ይሄስ?" አሉ። እሷ ተነስታ በአማርኛ ጀመረች፤ አፏ ተሳሰረ፤ በኦሮምኛ ቀጠለች። ደረጃውን፣ መሙላቱን፣ ብቻውን የሚቆመውን፣ ሁሉንም ተናገረች። እንደዚያን ቀን ጥርት አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞረው "ምን ትላለች?" አሉኝ።

"ከብት የሚያጠጡበት ጉድጓድ ነው ትላለች" አልኩ።

"ሌላስ?"

"እንዲህ በደረጃ ቆመው ነው የሚያጠጡት ትላለች።"

ውሸት አልተናገርኩም። ኒውክለስ የሚለውን ቃል ብቻ ዋጥኩት። ኢንስፔክተሩ "የእጅ ሥራዋስ ጥሩ ነው" ብለው አለፉ። እሷ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች፤ አየችኝ፣ ቁጭ አለች፣ ምንም አልተነፈሰችም። ቦታው ለእኔ ተሰጠ፤ በሦስተኛው ቀን መኪና መጣልኝና በወደራ በኩል ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም።

ዓመታት አለፉ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ፊዚክስ መረጥኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፕሮፌሰሩ የኒውክለስን ደረጃዎች ሰሌዳ ላይ ሲያሰምሩ እጄን አውጥቼ ስለ ኤላ ተናገርኩ፤ የቆሙት መደጋገፋቸውን፣ ትርፍ ሆኖ የሚመጣው ብቻውን መቆሙን። "የራስሽ ሐሳብ ነው?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን አንድ ሳምንት ሙሉ አደመቀኝ። ከሳምንቱ በኋላ ግን ያቺ የዴስክ ጓደኛዬ በሐሳቤ መጥታ ተደቀነችብኝ። ለምን ዝም እንዳለች ማወቅ ፈለግሁ። ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ክረምት ላይ ነገሌ ስመለስ አክስቷን ጠየቅሁ። አግብታ የባሏ ቤተሰብ ኤላ ላይ እንዳለች ነገሩኝ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ድርቅ ነበር፤ ከብቱ ተራውን እየጠበቀ ተኮልኩሏል። ኤላው ውስጥ፣ ከአፉ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሆና ቀና ብላ አየችኝ። "አካም? ናጋ?" ብላ ሰላም አለችኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። ከዚያ በኦሮምኛ "ሰው ጎድሎናል፣ ግቢ" አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ወረድኩና ከጎኗ ቆምኩ። ኦኮሌው ከታች መጣ፣ ተቀበልኩ፣ ወደ ላይ አቀበልኩ። አምስት ስድስት ጊዜ ደህና ሄደልኝ። ከዚያ እጄ ዛለና ኦኮሌው አዘነበለ፣ ግማሹ ውሃ ከሥራችን ባሉት ላይ ፈሰሰ። ያ ውሃ በድርቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እንደ ምንም አቃንቼ ወደ ላይ አሳለፍኩት። ልክ ከእጄ ሲወጣ ከላይ የቆሙት ሽማግሌ "አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ሳታጸኚ አትቀበይ!" ብለው ጮኹብኝ። የታችኞቹም ተከትለው በቁጣ ወረዱብኝ።

ተራችን ሲያበቃ ወጥተን ጥላ ሥር ተቀመጥን።  "ለምን ያኔውኑ አልጮኹብኝም?" አልኳት።

"ኦኮሌ የያዘ ሰው ላይ አይጮህም" አለች። "ይደነግጣል፣ ይለቀዋል፣ የታችኛውን ይጎዳል። ካሳለፈ በኋላ ነው የሚነገረው።"

ጊዜው አሁን ነው ብዬ ጠየቅኳት። "ኢንስፔክተሩ የመጡ ዕለት ለምን ዝም አልሽ?"

"ኦኮሌው እጅሽ ላይ ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ ሄድሽ" አለች።

ስድቡን ጠበቅሁ። አልመጣም። በምትኩ ጠጋ ብላ "ሃያ ስምንቱን ነገሩሽ?" አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ያኔ መምህሩን ያቆመው ጥያቄ እስካሁን አብሯት ኖሯል። ነግረውኛል አልኳትና አፈሩ ላይ በእንጨት ደረጃዎቹን አሰመርኩ። ቅንጣቷ በራሷ ላይ ትሾራለች፣ በዙሪያም ትዞራለች። ሁለቱ መዞሮች አቅጣጫቸው ሲገጥም ይበልጥ ትያዛለች፣ ዝቅም ትላለች አልኳት። ከአራተኛው ደረጃ ሃያዎቹ መካከል…

"ስምንቱ ወረዱ" አለች። "ወርደው ለብቻቸው ደረጃ ሠሩ።" እንጨቱን ከእጄ ወሰደች። በጫፉ መስመሮቹን ቆጥራ "እንግዲያ ለቀሩት አሥራ ሁለትም ከላያቸው ካለው ደረጃ የሚወርድላቸው አለ ማለት ነው። አርባው ሃምሳ እንዲሞላ፣ አሥር" አለች።

አሥር ነው። እኔ ያን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ አንብቤ። እሷ መስመሮቹን እያየች ለብቻዋ ሳቀች፤ ከዚያ ከታች ሲጠሯት እንጨቱን ጥላ ተነሳች፣ ወርዳም ደረጃዋ ላይ ቆመች። እኔ አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ዴስክ እያለኝ፣ እዚያው ጥላ ሥር እንደተቀመጥኩ፣ ቀናሁባት።