የጎመኑ ትል እግሮች

ዛሬ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን ስቀነጥስ ከቅጠሉ ሥር ጥቁር ትል አየሁና መቀንጠሱን ተውኩት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አጋሮ አጠገብ እንኖር ነበር። አባታችን ሞቶ፣ ቡናችን በበሽታ ረግፎ፣ እናቴ ሦስታችንን የምታበላን የጓሮ ጎመን እየሸጠች ነበር። ያንን ጎመን ይህ ትል ወረረው። የአባጨጓሬ መድኃኒት ለምና ሁለት ጊዜ ረጨች፤ አንዱም አልሞተም።

ጎረቤታችን አባ ዲኮ፣ በቡና እርሻ ተባይ ሲያጠፉ ያረጁ ሽማግሌ፣ ትሉን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ኢላሊ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «እዪው እስቲ። ከሆዱ ሥር ያሉትን እግሮች ቁጠሪ።»

«ስምንት ጥንድ» አልኩ።

«አባጨጓሬ ቢሆን ከአምስት ጥንድ አይበልጥም ነበር። ይሄ የተርብ ዘመድ ነው፤ ያ መድኃኒት አባጨጓሬን እንጂ እሱን አይነካውም።»

«ታዲያ ምን ይግደለው፣ አባ?» አለች እናቴ፣ የጎመኑ መደብ ላይ እንደተንበረከከች።

«እሱን አላህ ይወቀው፣ ልጄ» አሉ ፊታቸውን አዙረው።

በጣታችን ብንለቅመውም በሦስተኛው ቀን የቀረው ግንዱ ብቻ ነበር። በሳምንቱ እናቴ ጅማ አክስቴ ዘንድ ላከችኝ፤ የምትመግበው አፍ እንዲቀንስላት። መኪናው ሲነሳ ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን አርጅታ እኔ ጋ ናት፤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ከሦስታችን ለምን እኔን እንደመረጠች ግን እስከዛሬ አልጠየቅኋትም።