ሸዋዬ እና የሚያንኳኳው መሪ

ሸዋዬ ከገድሉ ከተፋታች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሽማግሌዎች ንብረቱን ሲያካፍሏቸው አባይ ማዶ ያለው ጋራዥ ለእሱ፣ አሮጌዋ ፒክአፕ ለእሷ ደረሰች። ሸዋዬም መንጃ ፈቃድ አወጣችና ከቁንዝላ ዓሣ እየጫነች ባሕር ዳር ላሉ ምግብ ቤቶች ማከፋፈል ያዘች። ከዱርቤቴ ወዲያ ያለው መንገድ ወገብ ይሰብራል። ያም ሆኖ ሴት አትችለውም ያሏት ሁሉ ዛሬ ትኩስ የቀረሶ ዓሣ ሲፈልጉ የሚደውሉት ለእሷ ነው።

ጥቅምት ላይ መሪው ማንኳኳት ጀመረ። ወደ ግራ ስትጠመዝዘው ከእግሯ ሥር «ቋ» ይላል፤ ጉድጓድ ሲገጥማትማ ይደጋግመዋል። አንዱ ጋራዥ የመሪ ዘይት ቀየረላት። ሌላው የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ብሎ አዲስ አስገዛት። ሦስተኛው ፓምፑን አውልቆ ሌላ ገጠመ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። በመጨረሻ ሰባታሚት የሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ «ይህችን መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው አለ አይደል? እሱ ዘንድ ውሰጃት» አሏት።

ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው ቀን መታጠፊያ ላይ መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ሲል የአህያ ጋሪ ለጥቂት ሳተች። ያን ዕለት ጥርሷን ነክሳ አባይ ማዶ ሄደች።

ገድሉ ከጋራዡ በር ቆሞ ነበር። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«መሪው ያንኳኳል» አለችው።

«ስትገቢ ሰማሁት።»

«ምኑ ነው?»

ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። «የመሪው ቦክስ አልቋል። ማስቀየር ነው። ካልቻልሽ ሽጪያት።»

«ሳትነካት አወቅህ?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራኋት።»

«እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ኖርሁ፤ ስትዋሽ ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

የገድሉ ፊት ጠቆረ። «እንግዲያ አንቺው ከሥር ግቢና ፈልጊው።»

የተናገረው ሊያሳፍራት ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ጣለችና ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደገፈች። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ስለሚቆለፍ ቁልፉን ተወችለት፤ መኪናዋ እንዳትነሣ ግን የባትሪውን ገመድ ፈታችው። ገድሉ ሲያያት ቆይቶ «እገድልሽ መስሎሻል?» አለ። ሸዋዬ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ከሥር ገባች፤ እሱም ገብቶ መሪውን ያዘ።

«ቀስ እያልህ ግራ ቀኝ ወዝውዘው።»

መሪው በተወዛወዘ ቁጥር መዳፏን በየመገጣጠሚያው ላይ እያሳረፈች ወረደች። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ዝም አለ። አልቋል የተባለው ቦክስም ዝም አለ። የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን የቀኝ ቴስቲና ያዘች፤ ጸጥ ያለ ነው። ወደ ግራው ስትዞር ግን «ቋ» የሚለው እዚያው መዳፏ ውስጥ መታት። ጭቃውን በጣቷ ጠረገችው። የላስቲክ ክዳኑ ተቀዷል፣ ብረቱ ዝጓል፣ ከሌላ መኪና የመጣ አረንጓዴ ቀለምም ተጣብቆበታል። የቀኙ ግን አዲስ ነው። በትዳር ሳሉ የግራውንም የቀኙንም አዲስ ቴስቲና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያመጣቻቸው እሷ ራሷ ስለነበረች ታውቃቸዋለች።

ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ገድሉ፣ የግራው ቴስቲና የማን ነው?»

ከመኪናው ወረደና እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ መኪናይቱ ላንቺ ናት ባሉ ማግስት ነው የቀየርሁት» አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ስነዳት እያወቅህ?»

«እንዲያስቸግርሽ ነው የፈለግሁት። እንዲገድልሽ አልነበረም።»

«እሱ ከወለቀ መሪ የሚባል ነገር የለም። ይህን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ።»

ገድሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ያኔ አውልቆ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን አዲሱን ቴስቲና ይዞ መጣ። ክሪኩን ሊያነሣ ሲያጎነብስ «አትንካት» አለችው።

ጎማውን ራሷ አወለቀች። የዛገው ብሎን አስቸገራት፤ ክርኗ ተላጠ። ከበሩ ሆኖ ያያት የነበረው ገድሉ «ስትፈቺው ዙሩን ቁጠሪ፤ አዲሱንም በዚያው ቁጥር አስገቢው፤ አለዚያ ጎማው ይዛባል» አላት። ሊያሞኛት መስሏት ቆም ብላ አሰበችበት። እውነቱን ነው። ዐሥራ ሰባት ቆጠረች፤ ዐሥራ ሰባት አስገባች። የባትሪውን ገመድ መልሳ፣ መኪናዋን አስነሥታ ግቢው ውስጥ ግራ ቀኝ ስትዞርባት ምንም ድምፅ አልነበረም። ሳታመሰግነው ወጣች።

አሮጌውን ቴስቲና ግን አልጣለችውም፤ ሲያካፍሏቸው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለነበሩት ለመሪጌታ ገብረ ሕይወት ወሰደችላቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው የላላውን ብረት በጣታቸው ወዘወዙት። «ልጄ፣ ይህስ የነፍስ ነገር ነው» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገድሉን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሽማግሌዎቹ ፊት አስጠሩት። አልካደም። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ጎንበስ አለ። ሸዋዬ ግን ድንጋዩን ልታወርድለት እጇን አልዘረጋችም። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ቆየ፤ ላብ በግንባሩ ወረደ።

«የኔታ፣ ለእርስዎ ስል ያውርደው» አለች በመጨረሻ።

«ይቅር ብዬሃለሁ በዪዋ» አሉ መሪጌታ።

«ያልሆነውን አልልም።»

ገድሉ ድንጋዩን አወረደና አንገቱን እያሸ ተነሣ። ሸዋዬ ለመሪጌታ እጅ ነሥታ ቀድማው ከግቢው ወጣች።