ድንኳኑ የተተከለበት ሣር

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ሲባጎ መወጠር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ችካል ይመታል፤ እኔ የሲባጎውን ጥቅል ይዤ ከኋላው እከተላለሁ። «ላላ አድርጊው… አሁን ሳቢው» ይለኛል። ሰው አዲሱን ሣር እንዳይረግጥብን ነበር። ስንጨርስ እጁን በሱሪው ጠርጎ «ይህን ዘሎ የሚገባ ካለ ሜዳሊያ ይገባዋል» አለና ወደ ቤት ወጥተን ሽሮ በላን። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጫማውን ሊያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ስለ ሣሩ ግን እችላለሁ። የምንኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በሁለቱ ብሎኮች መሃል ያለው ቦታ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ነው። እኛ ስንገባ ግን የግንባታ ትራፊ፣ የተሰበረ ብሎኬትና አቧራ ብቻ ነበር። ልጆች በመኪኖች መካከል ኳስ ይጫወታሉ፤ አሮጊቶች ፀሐይ ሲበረታባቸው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤቴን ጡረታ ከወጣ በኋላ ያ ቦታ አላስቀምጠው አለ። ነዋሪው ራሱ ለሚያለማው አረንጓዴ ቦታ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ ሰማ። ማመልከቻውን እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩት። ዕድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስለኖርኩ የእኔ ጽሕፈት ይነበባል።

ገንዘቡ የሚሰጠው በሁለት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ለአፈር፣ ለሣርና ለችግኝ መጣ። ሁለተኛው ለውኃ ታንከርና ለመቀመጫ ነው፤ የሚለቀቀው ድርጅቱ ሰው ልኮ ሣሩ መያዙን ሲያይ ነው። በእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ያለ ታንከር በጋውን የሚዘልቅ ሣር የለም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሳንወስን ቀረን። ያ ቦታ የእድራችን ድንኳን የሚተከልበት ነበር። ከእሱ ሌላ ያለን የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ባለቤቴን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ሣሩስ ይሁን፤ ስንሞት የት ይለቀስልን?» አሉ።

«ማቆሚያው ላይ ነዋ፣ ጋሼ» አለ ባለቤቴ።

«መኪኖቹስ?»

«ይነሣሉ።»

ባለመኪኖቹ አጉረመረሙ። አንዱ «እሱ ምን አለበት፣ የሚያነሣው መኪና የለው» አለ፤ ሰው ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ። «ሲደርስ እናየዋለን» ተባብለን ተበተንን። የደረሰው በእሱ ነው።

ያን እሑድ የእድሩ ሰዎች ብረቱንና ሸራውን አምጥተው ሲባጎው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከእነሱ አንዱ እስከ ቤታችን ወጥቶ፣ ፍራሽ ላይ ከተቀመጥኩበት አጠገቤ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ድንኳኑን የት እናድርገው? መኪኖቹን እናስነሣ ወይስ…»

መኪኖቹን አስነሡ ማለት ነበረብኝ። ባለቤቴ ቢሆን የሚለው ያንን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም አፌን ያያሉ። ለባሏ ሣር ሰሰተች የሚሉኝ መሰለኝ።

«እንደ ወትሮው» አልኩት።

ሲባጎውን ቆርጠው ገቡ። ሦስት ቀን ተለቀሰ። የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ባለቤቴ እንዲህ የሚወደድ አይመስለውም ነበር። ድንኳኑ ሲነሣ በመስኮት አየሁት። ሣሩ አውድማ መስሏል። ያን ጊዜ እንደገና አለቀስኩ፤ ሴቶቹም ለእሱ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከድርጅቱ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። ዳኛው አብረውኝ ወረዱ።

«ሣሩ የት አለ?» አለች መጀመሪያ፤ ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየች።

«የረገጥነው እኛ ነን» አሉ ዳኛው። «እድሩ።»

«ድንኳኑ እዚህ ይተከል ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ታብሌቷን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «እናቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ቦታው በእንክብካቤ ተይዟል ብዬ መሙላት አልችልም።»

«አትሙዪ። የሆነውን ጻፊ።»

«እሱን እጽፋለሁ። አለቆቼ ግን አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ እኔም ልጠይቅዎት። ነገ ሌላ ሰው ቢሞትስ?»

ከዳኛው ጋር ተያየን። ሳንወስን የቀረነው ያንኑ ነበር። ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ እንዲሰጠን እንደምትሞክር ነገረችን። እስከዚያ ሣሩን መልሰን መትከልና ድንኳን ማቆሚያው ላይ እንዲተከል ነዋሪው የፈረመበት ውሳኔ ማቅረብ አለብን፤ አለዚያ የቀረው ገንዘብ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል። «ብዙ ሰፈር ተሰልፏል» አለች፤ ልትጎዳን ፈልጋ አይደለም።

ስብሰባው የተጠራው የባለቤቴ አርባ ሳይወጣ ነው። ሄድኩ፤ በመሄዴ የወቀሱኝ ነበሩ። ሰው ያማኛል ብዬ ፈርቼ እሱ የደከመበትን እንዳስረገጥኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ያው ባለመኪና «ታዲያ እኔ መኪናዬን ሦስት ቀን የት ላሳድራት ነው?» አለ።

«መንገድ ዳር» አሉ ዳኛው። «መኪናህ ለቅሶ መቀመጥ የለባትም።»

ሰዉ ሳቀ። ሰውዬው እያጉረመረመ ፈረመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የቀረው፣ በለቅሶ ቀን በየቤቱ እያንኳኳ መኪና የሚያስነሣው ማን እንደሆነ ነበር። ማንም አልፈለገውም። ሬሳ ሳይወጣ ስለ መኪና የሚያወራ ሰው ያስጠላል። እጄን አወጣሁ። ጥቁር ከለበሰች ሴት ጋር የሚጨቃጨቅ ይኖራል ብዬ አልገመትኩም፤ በኋላ ግን እንዳለ አየሁ።

ሣሩን በክረምት መልሰን ተከልነው፤ ከበፊቱ ሳሳ ብሎ ነው የያዘው። ታንከሩ ዘግይቶ መጣ። መቀመጫዎቹን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ብሎኮች ሦስት ሰው ሞቷል። መርዶ ስሰማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እለብሳለሁ፤ ከላይኛው ፎቅ ጀምሬ በር እያንኳኳሁ እወርዳለሁ፤ ባለመኪኖቹን መኪናችሁን አንሡ እላቸዋለሁ።