የወንዙ ልጅ ሽማግሌ ሲልክ

የልጅ ልጄ ሲፈን ባለፈው እሁድ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ «አኮ፣ አንዲትን ልጅ ሰው ያልሆኑ ሁለት ጎረምሶች ቢወዷት የትኛውን ታግባ?» አለችኝ፤ አያቷን አኮ ነው የምትለው። የምታነበው ልቦለድ ነው። አንዱ ሙት ነው አሉ፣ ሌላው አውሬ። እኔም ሳላስብ «ሽማግሌ የላከው የትኛው ነው?» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። ምን ታውቃለች፤ በዚህ ነገር እኔ የቆየሁ ባለሙያ ነኝ።

በደርግ ጊዜ የነቀምቴ ተማሪዎች ኅዳር ላይ ደዴሳን ተሻግረን ወደ ጊምቢ ለቡና ለቀማ እንዘምት ነበር። የጭነት መኪናው አቧራ አልብሶን ያወርደናል። ጠዋት ጤዛው ቀሚሳችንን ያረጥበዋል፣ ቀዩን ፍሬ እየመጠጥን ጣታችን ይጣበቃል፣ ቀትር ላይ የወለጋው ሥራሥር፣ ቅቅል አንጮቴ፣ ይመጣልናል። አንጮቴ ያልበላ ሰው ስለ ወለጋ ባያወራ ደስ ይለኛል። ሥራው ግን አሰልቺ ስለነበር፣ እኔ የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ፣ አንድ ታሪክ ፈጠርኩ። ሌሊሴ የምትባል ልጅን ሁለት ይወዷታል፤ አንዱ ደዴሳ ውስጥ የሚኖር የወንዝ መንፈስ ነው፣ ሌላው ሲመሽ ነብር የሚሆን ጎረምሳ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ ሳወራላቸው፣ ልጃገረዶቹ የወንዝና የነብር ወገን ሆነው ተከፈሉ። ቅርጫት መዋዋስ የተዉም ነበሩ። ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁ።

ወሬው የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ፈቃዱ ጆሮ ገባ። ካኪ ለባሽ፣ ቀጭን የነቀምቴ ልጅ ነው። «መንፈስ አለ ብሎ ማውራት ኋላቀርነት ነው። ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ትወገዢና ትባረሪያለሽ» አለኝ። ከዘመቻ የተባረረ ደግሞ ትምህርት ቤት አይመለስም። የአባቴም ሱቅ በንዑስ ከበርቴነት ዓይን ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከቡናው ማድረቂያ አጠገብ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ጓድ ፈቃዱ «ሂስ ያላት?» ሲል፣ ከነብር ወገን ጫልቱ እጇን አወጣች።

«የወንዙ ልጅ ሽማግሌ አልላከም» አለች። «ጎሳውም አይታወቅ። ታዲያ ሌሊሴን በምን አፉ ነው የሚጠይቃት?»

ልታድነኝ ይሁን ነብሯን ልታስመርጥ እስካሁን አላውቅም። ልክ ግን ነበረች። እዚያ አገር ልጅ የሚጠየቀው ጃርሳ፣ ማለትም ሽማግሌ ተልኮ፣ የሁለቱም ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔ ይህን ዘንግቼው ነበር። ስብሰባው በክርክር ተናወጠ። ጓድ ፈቃዱ አጨብጭቦ ዝም አሰኘንና ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ መልሺ እንጂ። አባቱ ማነው?»

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ሽማግሌ ላከ። ዘሩንም ቆጠረ። ‹የደዴሳ ልጅ ነኝ። ደዴሳ የዋማ ወንዝ ልጅ ነው። ዋማም ወደ እሱ የሚገባው ጅረት ልጅ ነው› እያለ ሽቅብ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ከሌሊሴ ጓሮ የምትፈልቀውን ምንጭ ጠራ።»

የወንዝ ወገኖች እልል ሊሉ ሲሉ ጓድ ፈቃዱ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ ኮስተር ብሎ። «እሷም ያደገችው ያንኑ ምንጭ ጠጥታ ነው። ወንድሟ ነው። አይጋቡም።»

ጫልቱ ቀስ ብላ «ጓድ፣ እንግዲህ መንፈሱ አለ ማለት ነው?» አለችው።

ጓድ ፈቃዱ ቆቡን አነሳ። «ስብሰባው አብቅቷል። ወደ ለቀማ» አለ። ስለ መባረር ዳግም ያነሳ አልነበረም፤ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። እዚያ ዋርካ ሥር የሰማሁትን ሌላ ንግግር ሁሉ ረስቼዋለሁ። አንድ ካድሬ፣ መንፈስ የለም ሊል መጥቶ፣ በመንፈስ ጋብቻ ላይ እንዲፈርድ ማድረጌን ግን አልረሳም፤ ዛሬም ያኮራኛል።

ይህን ለሲፈን አወራኋት። መሳቋን ትታ ስልኳን ወደ ኋላ እየገለበጠች ለረጅም ጊዜ ፈለገች።

«አኮ፣ የዚህኛው የሙቱ አባት ማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም» አለችኝ፣ ቅር ብሏት።

የእኔው የወንዝ ልጅ ዘር ግን እስከ ምንጩ ይታወቃል።