ፈረንሳይኛ በስንደዶ

በደርግ ጊዜ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በድምፅ ማጉያ መንገደኞችን የሚጠራ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ከሃያ ሁለት ማዞሪያ በእግሬ ሄጄ ተመዘገብኩ። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አለፍኩ። ፈረንሳይኛው ላይ ግን ፈታኟ፣ ማይክሮፎኑን ለዓመታት የያዙት ወይዘሮ፣ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይሄማ ፈረንሳይኛ የለበሰ እንግሊዝኛ ነው» አሉ። «የቃሉን መጀመሪያ ትደበድቢና የቀረውን ትውጪዋለሽ። ፈረንሳዮች ሁሉንም እኩል ይሉና መጨረሻው ላይ ነው ጫን የሚሉት። ሰኞ ተመለሺ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንይዛለን።»

እልህ ያዘኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቼ ነበር፤ እንደዚያ ሥራ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት የፈረንሳይኛውን ጥሪ በራሳችን ፊደል ጻፍኩትና ሰሌን ላይ ስፌት ይዛ ከተቀመጠችው እናቴ አንድ ስንደዶ ወሰድኩ። ቄስ ትምህርት ቤት እንዲህ ነበር የተማርነው። እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካን እንቆጥራለን፤ አንዷን የዋጠ እንደገና ከላይ ይጀምራል። እኔም ቆጠርኩ። ሌ፣ ፓ፣ ሳ፣ ዤ። ዴስ፣ ቲ፣ ና፣ ስዮን።

«ምንድን ነው የምትደግሚው?» አለች እናቴ።

«ወደ ዳካር የሚሄዱትን ነው እማዬ የምጠራው።»

«ታዲያ ምን አደረጉሽ? መጨረሻዋን ዋጥሽባቸው እኮ።»

ፈረንሳይኛ የሚባል አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን አይምርም። እሁድንም፣ ስፌቷን አስቀምጣ «ዋጥሻት» ስትለኝ፣ እኔም ከላይ ስጀምር ዋልን።

ሰኞ ዕለት ስንደዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁና አነበብኩ። ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«የኔታ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሳቁና ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ከወራት በኋላ እናቴ አክስቴን ወደ መቀሌ ልትሸኝ መጣች። ከሸኘቻት በኋላም ወደ ቤት አልሄደችም፤ የዳካሩ ጥሪ እስኪደርስ ከመንገደኞቹ መሀል ተቀምጣ ጠበቀች። ስናገር በጥሪ ክፍሌ መስታወት በኩል አየኋት። ጣቷን ጉልበቷ ላይ እየነካካች ከእኔ እኩል ትቆጥራለች። «ዳ፣ ካር» ብዬ ስጨርስ አገጯን ቀና አደረገች።

ወጥቼ አጠገቧ ስደርስ ከጎኗ ለተቀመጡት ለማታውቃቸው ሰውዬ እየነገረቻቸው ነበር።

«ልጄ ናት። አንዲትም አትውጥም።»