ስድስት ወር የማይዘጋ ክፍል

ኩሱም በሙምባይ ከተማ፣ ጊርጋዎን ሠፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዋን የምትኖረው ወድዳ አይደለም። የክፍሏ ኪራይ ሟቹ ባሏ በወጣትነቱ የተዋዋለው ነው፤ ዛሬ ያ ገንዘብ ሁለት ኪሎ ሙዝ አይገዛም። ልጇ ሽሪራንግ ግን የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ፣ ቪራር፣ ተከራይቶ የደመወዙን ግማሽ ለአከራዩ ያስረክባል።

ታዲያ ለምን ሄደ? ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ እናቱ እግር ሥር መተኛት ቢያቅተው ነዋ። እሷም እንዳትከተለው፣ እንዲህ ያለ የድሮ ኪራይ ቤት ስድስት ወር ከተዘጋ ባለቤቱ ከሶ ይወስደዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ስለዚህ የልጅ ልጇ ኮሌጅ ገብቶ አብሯት እስኪኖርና ክፍሉን እስኪወርስ ድረስ ኩሱም እዚያው መታየት አለባት።

መኖሯን የሚያጣራው የባለቤቱ ኪራይ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው ቫልጂ ነው። አመሻሽ ላይ እያቃሰተ ደረጃውን ይወጣና ያንኳኳል።

«ኩሱም፣ አለሽ?»

«አለሁ። ብሞት ሽታው ይነግርሃል፤ አትቸኩል።»

«እኔማ ዕድሜሽን ነው የምለምነው። አንቺ ከሄድሽ እኔም ሥራ የለኝም።»

በልቧ ጥንብ አንሣ ትለዋለች። እሱ ሲወርድ ግን ከነጋ ያናገራት ሌላ ሰው እንዳልነበረ ትዝ ይላታል። ለአንድ ሰው ሩዝ መቀቀል እስካሁን አልሆነላትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋታል፣ ጠዋትም ያንኑ ትበላለች። ብቸኝነቱ ውስጥ ውስጡን ይበላታል።

ዝናቡ ሊያባራ በተቃረበበት ሰሞን ቫልጂ አንኳክቶ አልሄደም፤ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ስሚ፣ ጌታዬ ዱባይ ገብቷል። ለዚህ ቤት ደንታም የለው። ልጅሽ ጋ ሂጂ። ከጠየቀኝ ዛሬም አይቻታለሁ እለዋለሁ።»

«ምን ነካህ አንተ?»

«ሰው ለብቻው ሲያወራ በር ላይ ቆሜ መስማት መረረኝ።»

ኩሱም እንባዋ መጣ። በማግስቱ ልብሷን ሸክፋ፣ ለልጆቹ ደረቅ ዓሣ ገዝታ ደወለች።

«ሽሪ፣ ቅዳሜ ልመጣ ነው። ጠቅልዬ።»

 ከሽሪራንግ ኋላ ምራቷ «የት ልናስተኛቸው ነው?» ስትል ተሰማ።

«እማዬ፣ ቤቱስ?»

«ቫልጂ እሸፍንልሻለሁ ብሏል።»

«የባለቤቱ ሰው ይታመናል? ደሞ እዚህ አከራዩ ሰው ሲጨመር ኪራይ ይጨምራል። እንኳን ተጨምሮ አሁንም ከብዶናል። ትንሽ ብትችይው?»

«እውነትህን ነው፣ ልጄ። እኔም ዝም ብዬ ነው» አለችና ዘጋችው። ያን ጊዜ ገባት፤ ያገዳት ሕጉ ብቻ አልነበረም። ዓሣውን ለጎረቤት ሰጠች።

አመሻሽ ላይ በሩን ያንኳኳ አልነበረም፤ ቫልጂ ሄዳለች ብሎ ቀርቷል። ግድግዳ ይዛ ወረደች። ቫልጂ ሕንፃው በር ላይ ተቀምጧል።

«ምነው፣ አልሄድሽም?»

«ቤቱን ለማን ጥዬ?»

«አላስነካብሽም አልኩሽ እኮ። እመኚኝ።»

«እኔስ አመንኩህ፤ አንተ ግን እኔን ማመን የለብህም። ሹልክ ብዬ ብሄድስ? ማታ ማታ ወጥተህ አንኳኳ።»

ቫልጂ ፊቷን አየ። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

«በይ ቅደሚ» አላት፤ «ግቢና ዝጊው። መጣሁ።»